ወደ ግራ ስትታጠፍ

ረምዚ መኪናውን እየገፋ መጣ፣
ከሳቢያን እስከዚህ፣ በቀትር፣ ላቡ እስኪወጣ።
ቀይ ናት፤ በጅቡቲ ከመርከብ የወረደች፣
ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ በሆዷ አስፋልት የሳመች።
"ይሄኛው ሕመሟ አይደለም፤ ነዳጅ ነው ያለቀባት"
አለኝ። ሳቅሁ። መልሱን ይዞ እንደመጣ አላወቅሁ ያን ለት።

"ሕመሟ ሌላ ነው፤ በከተማ ደህና ናት፣
በከዚራ ዛፎች ሥር እንደ ሙሽራ ብነዳት።
ደንገጎን ስወጣ ግን፣ ያውም ሳስጨንቃት፣
ሦስተኛ ማርሽ ላይ እስከ ወለል ስረግጣት፣
ኩርባው መሃል ድርግም! እንደ ሰፈራችን መብራት።
መሪው በእጄ ይደርቃል፣ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል፣
የጫት መኪና ከኋላ ጥሩምባውን ይነፋል፤
ቆይቼ ስነካት ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች፤
ሰው ፊት ታዋርደኛለች።"

ከእኔ በፊት ያላያት የለም። አንዱ ካንዴላ ቀየረ፣
አንዱ ፊልትሮ፣ አንዱ ፖምፓ፤ ሂሳቡ ተደመረ።
አንዱ በበርጫ ሰዓት፣ ጉንጩን እንደወጠረ፣
ኮፈኖውን ሳይከፍት "ኮምፒውተር ነው" ብሎ መሰከረ።
እናቱም "ዓይን ነው" ብላ መስታወቱ ላይ ጨርቅ አሰረች፤
መኪናዋ ጨርቁንም ይዛ እዚያው ኩርባ ላይ ቆመች።

እኔ የባቡር ቤት ልጅ ነኝ። አባቴ ረጅም እጀታ
ያለው መዶሻ ይዞ የፉርጎ ጎማ ሲመታ፣
ድምፁን ሰምቶ ስንጥቁን ያውቅ ነበር በጨለማ።
"ብረት አይዋሽም" ይለኝ ነበር፣ "አንተ ብቻ ስማ።"
ስለዚህ አልፈታሁም። ቁልፌን ከኪሴ ሳላወጣ
"ንዳት" አልኩት፤ "አብሬህ ልውጣ።"

ጥቂት ቀዳን ከጀሪካን፤ ድሬን ከታች ተውናት፣
ደቻቱ ደርቆ ተጋድሟል፣ አሸዋው እንደ ዱቄት።
አንደኛው ኩርባ ወደ ቀኝ፤ ጮኸች፣ ወጣች፣ አለፈች፤
ሁለተኛው ወደ ቀኝ፤ እንደ ነብር ተወረወረች፤
ሦስተኛው ወደ ግራ —

ዝም አለች።

ጎማው ብቻ ጠጠር ሲያኝክ ይሰማል።
የሞተር ዝምታ፣ ባቡር ቤቱ የተዘጋ ቀን የሰማሁትን ይመስላል።
ዳር ያዝን። ረምዚ መሪውን በቡጢ መታ።
ደገምነው፣ ሠለስነው፣ እስከ ማታ፦
በቀኝ ትኖራለች፤ በግራ ትሞታለች፤ ቀስ ካልን በግራም አትሞትም።
በግራ ጎኑ የተነሣ ሰው አውቃለሁ፤ መኪና ግን አላውቅም።

ከወንበሩ ሥር ሃይላንድ አለ፣ ግማሽ ውሃ ያለበት፤
አንስቼ፣ ግራ እንደሚታጠፍ መኪና፣ አወናጨፍኩት።
ውሃው ሸሸ። የቀኝ ግድግዳውን ወጥቶ ተለጠፈ፤
የግራው ጥግ ታች ድረስ ተራቆተ፣ ተገፈፈ።
"ነዳጅ የምትጠባበት ቱቦ፣ ሰልባትዮው ውስጥ፣ በየት ናት?"
"በግራ።"
"ስንት ሊትር ነው የምትሞላላት?"

ዝም አለ። ለጎማ ተበድሮ፣ ለቀለም ተበድሮ፣
ነዳጅ ግን በጀሪካን ይገዛል፣ ሳንቲም ቆጥሮ፤
ሰልባትዮዋ ከሩብ ከፍ ብሎ አያውቅም ኖሮ።

ካርቡራቶር ያላት አሮጊት ፔጆ ብትሆን
ጉንጭ ታክል የምታቆየው ነበራት ለክፉ ቀን።
ይህች ግን ከእጅ ወደ አፍ ናት፤ አንዴ አየር ከጠባች
መቶ ሃምሳ ፈረሷ ሁሉ እንደ አንድ በቅሎ ቀጥ አለች።

በማግስቱ ሰልባትዮውን አወረድኩ፤ ሦስቴ ውሃ ጠጣ
(ቤንዚን በጠገበ ቆርቆሮ የሚቸኩል መዘዝ ያመጣ)።
የውስጥ ከለላው ዝጎ፣ ተሰብሮ፣ አንድ ጥግ ተኝቷል፤
ስናዘነብለው እንደ ቃጭል ይጮኻል።
አዲስ ቆረጥኩ፣ በየቦታው ቀዳዳ በሳሁበት፣
ነዳጁ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ፣ እንደ ደቻቱ፣
ዓመት ሙሉ ደርቆ አንድ ሌሊት ጎርፍ እንዳይሆንበት።

ዓርብ ማታ፣ ሦስተኛው ኩርባ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።
ከታች ድሬ መብራቷን ለኮሰች፤ ጆሮዬን ወደ አስፋልቱ መለስኩ።
መጣች። ሦስተኛ ማርሽ። ወደ ግራ። ትንፋሼን ያዝኩ።
አለፈች።
ቀይ መብራቷ ዞሮ እስኪጠፋ አልተንቀሳቀስኩም፤
ከዚያ ሃይላንዱን አውጥቼ ማስረጃውን ጠጣሁት።
ሞቋል። ግድ አልሰጠኝም።
የእጄን ዋጋ ረምዚ እስካሁን አልከፈለም።