ከአንቱ ወደ አንተ

ፖስታው ላይ «በርሊን፣ ኦንታሪዮ» ይላል።
የዛሬዋ ኪችነር ናት። ጦርነት መጥቶ
ከተማዋን ራሷን ተርጉሟት ሄዷል፤
የድሮ ስሟ ከቴምብር ሥር ቀርቷል።

ማርሊን ኬስለር ደብዳቤዎቹን
በብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች።
ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች፤
ወንበር ላይ ስትቀመጥ እንኳ
የኋላ መስታወት የምትፈልግ ትመስላለች።
«እንግሊዝኛው እንግሊዝኛ ይሁን» አለች፣
«ጎረቤቴ በአጥር ላይ እንደምታወራው።
የተተረጎመ ነገር ያስታውቀኛል፤
የተዋሱት ኮት ነው፣ ትከሻው ይሰፋል።»

የኔ ሥራ የውኃ ፓምፕ መመሪያ ነው፤
«ቫልቩን ከመክፈትዎ በፊት» እያልኩ ቤት ኪራይ እከፍላለሁ።
ፓምፕ አይወድም፣ ፓምፕ አይቀየምም።
ሴት ለወንድ የጻፈችውን
ተርጉሜ አላውቅም።

አንደኛው ደብዳቤ። ጥር ወር፣ ከብሬመን።
«ወንድሜ፣ አባታችን ከሃኖቨር ያመጣውን፣
አንድ ዓይኑ የጠፋውን፣ አንቱም የሚያውቁትን፣
ያን ግራጫ ፈረስ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣
ለወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ በዕዳችን ምክንያት...»
«ምን አደረገው?» አለች ማርሊን ከትከሻዬ በላይ።
«ቆዪ፣ ግሡ አልደረሰም።»
«ሰጠው? ሸጠው?»
«ቆዪ።»

እኔ መጠበቅ አይከብደኝም።
በኔም ቋንቋ ግሥ እንደ ሽማግሌ ነው፤
ሁሉ ተናግሮ ሲያበቃ
ከጥግ ተነሥቶ ነገሩን ይቆርጠዋል።
እንግሊዝኛ ግን
ኮቱን ሳያወልቅ ወሬውን የሚያወጣ እንግዳ ነው።

«...አልሸጠም» ይላል።
ማርሊን ከመቶ ዓመት በፊት ለሞተ ፈረስ
እፎይ አለች።
ማታ በእንግሊዝኛ ሳቀናው
ፈረሱ ገና በአራተኛው ቃል ዳነ፤
እፎይታው ግን መግቢያ አጣ።

ሦስተኛው ደብዳቤ ስለ ምድጃ ነው፣
ጭስ ስለሚመልስ ምድጃ፣ ሌላ ምንም የለውም።
እስከ ገጹ ግማሽ ኮንራድ አንቱ ነው።
«አንቱ እዚህ ቢኖሩ ያበጁት ነበር» ብላ ጽፋ
ኦቲልያ አንቱን በአንድ መስመር ሰረዘች፤
ከላዩ፣ በደቃቅ ፊደል፦ «አንተ»።
ቢኖሩንም ሰረዘች፦ «ብትኖር»።
ቀለሙ እዚያ ጋ ወፍሯል፤ ብዕሯ ቆሞ ነበር።
ከዚያ ወዲያ ጭሱም ምድጃውም በአንተ ነው።

እኔን ለምን ፊቴን እንዳጋለኝ እንጃ።
ከአንቱ ወደ አንተ ስንት ወንዝ እንዳለ ስለማውቅ ይሆናል፤
አክስቴ ባሏን
አንቱ እንዳለችው ቀበረችው።
እንግሊዝኛ ለዳኛም ለድመትም ያለው አንድ «ዩ» ነው።
«ዩ»ን ሰርዤ ምን ልጻፍ?
«ዩ»?

«ምን ተሰርዟል?» አለች ማርሊን። ነገርኳት።
ውጭ በኪንግ ጎዳና ባቡሩ በረዶውን እየገፋ አለፈ።
«አያቴ» አለች ቆይታ፣
«ሲቆጣ ስሜን እስከ አባቴ ይጠራው ነበር።
ሲወደኝ ግን ቃሉን ይውጠዋል፣ ግማሹን ነበር የምሰማው።»

ያን ሌሊት እንደገና ጀመርኩ።
ከስርዙ በላይ ኦቲልያ
ቁልፏን እስከ አንገቷ ቆልፋ
«አይ ዱ ኖት ኖው» ትላለች፣ አንዲት ፊደል ሳታስቀር።
ከስርዙ በታች፣ ማንም ሳይነግራት፣
«አይ ዶንት ኖው»።
አንድ ፊደል ወደቀ፤
በቦታው የትንኝ ክንፍ የምታክል ጭረት
ከላይ ተንጠለጠለች።
አንተን እዚያች ውስጥ ደበቅሁት።

ማርሊን ቅዳሜ መጥታ አነበበች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ።
ስለ አንተ ምንም አላለችም።
ጣቷን ግን እዚያች ጭረት አጠገብ አሳርፋ
«እዚህ ጋ» አለች፣
«እዚህ ጋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።»

የምከፈለው በቃል ቁጥር ነው።
ሁለቱ አንድ በሆኑ ቁጥር
አሥራ አምስት ሳንቲም ጎደለብኝ።