የቁመቷ ልክ

ክታብ ታስሮ ነው ኃይሉ፣ ሲፈታማ ቆዳ፣
ይላሉ ብቸና።
እኔ ግን ፈታሁት፣
የእናቴ አርባ ባለፈ በማግስቱ ማለዳ፣
ስፌቱን በምላጭ፣ ክሩን በጥርሴ፣
ሌባ እንደሚፈራ ሰው፣ ሌባውም እኔው ራሴ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንገቴ ላይ ያደረ፣
መተማ ሰሊጥ ሳጭድ በላቤ የጠቆረ፣
ንዳድ ሲያንቀጠቅጠኝ፣ ነርሷ «አውልቀው» ስትለኝ፣
«ጣቴን ውጊ» ያልኋት፣ «እሱን ግን ተይልኝ።»

የሻረግ ነች ያሰረችልኝ፣ ስወርድ ወደ ቆላ፣
መሪጌታ ልሳነወርቅ ደጅ ሁለት ቀን ውላ፣
ጌሾዋን ሸጣ፣ ዶሮ አንጠልጥላ።
«አትፍታው» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረች።
ባዶ አንገቷን አይቼ የሷ የት እንዳለ ብጠይቃት፣
«ልብስ ሳጥብ ሙጋ ወሰደው» ብላ ሳቀች።

ዘረጋሁት ወለል ላይ። መጀመሪያ ዓይኖች፣
ከዓይኖቹ ሥር ሰይፍ፣ ከሰይፉ ሥር ክንፎች፣
ከዚያ ጥቁር ጽሕፈት፣ ግዕዝ፣ የማላውቀው፤
መሀል መሀሉን ቀይ ቀለም፣ የክርስትና ስሜ፣ እሱን እንኳ አውቀው፦
ገብረ ሰንበት።

ክታብ በባለቤቱ ቁመት ነው የሚለካ፣
ከግንባር እስከ ተረከዝ፣ ጋኔን በክፍተት ገብቶ እንዳይነካ።
ቆሜ ብለካው ደረቴ ላይ ቀረ።
ቆዳ ሰረቀኝ አልሁ መሪጌታ፤
ሁለት ዶሮ ቢያገኝ እስከ አገጬ ያደርሰው ነበረ።

ወደ መስኮቱ ሳነሳው፣
«ገብረ» ከሚለው ቃል ሥር ቆዳው ሳስቷል፣
በቢላ ጫፍ ተፍቋል፣ ፀሐይ ያሳልፋል።
«ሰንበት» ግን አልተነካም፤
ቀለሙ ከእኔ ስም ይልቅ ያረጀ፣ የደበዘዘ።
ከታች፣ እግር በሚሆንበት፣ መሪጌታ ዘንግቶት
ወይ ሆነ ብሎ ትቶት፣
አንድ ቦታ ብቻ ሳይፋቅ ቀርቷል፦
ወለተ ሰንበት።

የጎን ውጋት ነው የገደላት። ሌላ አልልም።
አንገቷ ላይ ቢሆን ትድን ነበር ወይ፣ አላውቅም።
እኔንስ ያዳነኝ ይሄ ይሁን የነርሷ ኪኒን፣
ማንን ልጠይቅ? መሪጌታም የለም።

ኃይሉ ወጥቷል ይሉኛል፣ አሁን ቆዳ ነው። ይሁን።
እግሬን ከእግሯ ገጥሜ ወለሉ ላይ ጎኗ ተኛሁ፤
ራሷ ደረቴ ላይ ደረሰ።
ቆይቼ ተነሣሁ፣
ከእግሯ ጀምሬ፣ ቀስ ብዬ፣
ጠቀለልኋት።