ስምንት ገጽ ቆሎ

ከጣርማ በር የወረደ ጉም ደብረ ሲናን ሲያለብሳት፣
የደሴው አውቶቡስ ጡሩምባው ቀድሞ፣ መብራቱ ሲዘገይባት፣
እኔ በዐሥራ አራት ዓመቴ፣ ከጋሽ እንግዳሸት ሱቅ
በስሙኒ ኪራይ ያመጣሁትን መጽሐፍ አቅፌ ስሞቅ፤
ሽፋን የለው፣ ስም የለው፣ ማን እንደጻፈው አላውቅ።

አንድ ፖስተኛ ነበረበት፣ አንካሳ፣ ከመንገዱ የማይቀር፣
ደብዳቤ ይዞ ቆላ የሚወርድ፣ ደጋ የሚወጣ በእግር።
ዋናዎቹ ሌላ ናቸው፦ የሚዋደዱ፣ የሚካካዱ፣
በየምዕራፉ እየወደቁ፣ እየተነሡ የሚሄዱ።
እሱ አልፎ አልፎ ነው፣ ሁለት መስመር የሚደርሰው፣
በር አንኳኩቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ደኅና ዋሉ ብሎ የሚመለሰው።

ለእሱ አለቀስኩ።
ብርድ ልብሱን ነክሼ፣ ድምፄን አፍኜ፣
ትራሱን እስኪርስ አለቀስኩ።

አባቴ የሞተ ጊዜ ግን፣ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኅዳር፣
አይሱዙው ከነጭነቱ ከገደሉ ሲወረወር፣
ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ ነበር የቆጠርኩት፤
የሰውን ዋይታ እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ነው የሰማሁት።
"ይሄ ልጅ ድንጋይ ነው" አለች አንዷ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ።
እናቴ ሰማች። ቀና ብላ አየችኝ፣ እጇን ከደረቷ አርቃ።

ልብ ወለድ ነው ይሉታል።
እንግዲያ ልጅ ነው፣ ልብ አምጦ የወለደው፤
ልጅ ደግሞ ይለቀስለታል።
ይህን ያልኩት ኋላ ነው፣ ራሴን ላጽናና።
ያኔ ያፈርኩት ማፈር አሁንም አለ፣ አልወጣም ገና።

መጽሐፉ መጨረሻው የለም። ስምንት ገጽ ይጎድላል።
ፖስተኛው ወንዝ ዳር ቆሟል፤ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤
"እግሩን ከውኃው..." ይልና ወረቀቱ ያልቃል።
ጋሽ እንግዳሸት ስጠይቀው አፉን ይዞ ይስቃል፦
"በለጥሻቸው ናታ! መጠቅለያ አጥታ ስትቸገር፣
ከኋላ ከኋላው ቅደጂ ብያት ነበር።"

እንዲህ ሆኖ ያ መጨረሻ በአውቶቡስ መስኮት ተሸጠ፤
ገብስና ሱፍ ታቅፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሰመጠ።
አንዱ ከሚሴ ላይ ጨብጦ ጣለው።
አንዷ ምናልባት፣ ቆሎው ሲያልቅባት፣ ዘርግታ አነበበችው፤
ማን እንደሆነ ሳታውቅ ከንፈሯን መጠጠች? ወይስ በመስኮት ሰደደችው?

ቪዲዮ ቤትም እንዲሁ ነው። ቅዳሜ፣ በሽልንግ፣ አግዳሚ ላይ ተጣበን፣
ወንድይፍራው በሸንበቆ እየጠቆመ የሩቅ አገር ፊልም ሲተረጉምልን።
ሴትየዋ ባቡር ጣቢያ ቆማ፣ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ፣
"ልጄ፣ ብርድ ልብስህን ረሳህ፣ ነው የምትለው" አለ፣ ድምፁ ሲቆራረጥ።
ቤቱ በሙሉ አነባ፤ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ሊስትሮው ሳይቀር፤
ማንም ማንንም አላየም፤ ጨለማው ባለውለታችን ነበር።

ከዓመታት በኋላ ያንኑ ፊልም አየሁት፣ ከሥሩ ትርጉም ተጽፎለት።
"ትኬትህን ያዝ" ነው ያለችው። በቃ፣ ትኬት።
ወንድይፍራው ቋንቋውን አያውቅም ነበር።
ታላቅ ወንድሙ ግን ዘምቶ ቀርቷል፤
እናቱ ብርድ ልብስ ይዛ መኪናው ላይ ሳትደርስ።

ደብረ ብርሃን ሥራ ይዤ፣ ፋብሪካው አጥር ሥር፣ ከአሮጌ መጻሕፍት መሃል
ሙሉውን አገኘሁት። ቆሜ አነበብኩት፤ ብርዱ እጅ ይቆርጣል።
"እግሩን ከውኃው አውጥቶ ጫማውን አጠለቀ።" ይኸው ነው።
የቀረው ስምንት ገጽ ሠርግ ነው፣ የሌሎች። ፖስተኛውን ማንም አያነሣው።
አልሞተም። ማንም አልገደለው።
እኔ ነኝ የገደልኩት፤ እኔ ነኝ የቀበርኩት፤
እንግዲህ ያን ሌሊት፣ ብርድ ልብስ ነክሼ፣ ማንን ነው የጠራሁት?

አሁንም በዚያ ሳልፍ፣ አውቶቡሱ ፍጥነቱን ሲቀንስ፣
ከዚያ መታጠፊያ በላይ፣ ገደሉ አፉን ከፍቶ ሲደርስ፣
ቆሎ እገዛለሁ። በፌስታል ነው የሚሰጡኝ።
ከልማድ ገልበጥ አድርጌ አየዋለሁ።
ምንም አልተጻፈበትም፤
በውስጡ ጉሙ ይታያል።