ከታች ሁለት ጣት

ሙሐረቅ፣ ነሐሴ፤ አየሩ እርጥብ ጨርቅ፤
የሱቁ መስታወት ሲያልበው፣ ሲደርቅ፣
ቡ ጃሲም ገባና ጥቅሉን ዘረጋ፤
የፍየል ቆዳ ነው፣ ሽታው የሚወጋ።

«ውሾቹን ተመልከት፣ ሰሉቂ ናቸው» አለኝ፤
«ወገባቸው ቅጥን ያለ፤ እኔም ሦስት አሉኝ፣
በብርድ ወራት ለጥንቸል የምለቅቃቸው።
ሥዕሉ ያገርህ ነው፤ ፍታልኝ፣ እነማን ናቸው?»

እኔ ፍሬም ሠሪ፣ ከልኬት በቀር ምን ተማርኩ?
ግን መነጽሬን አድርጌ ቆዳው ላይ አጎነበስኩ።

አምስት ፈረሰኛ፣ ባለ ጦር፣ ባለ ጋሻ፤
ሰማዩ ድፍርስ ቢጫ፣ ሣሩ እስከ መጨረሻ
ባንድ ብሩሽ የተወቀረ፣ እንደ ጥልፍ ተደርድሮ፤
ኮረብታው ከፈረስ ጉልበት አንሶ፣ አጥሮ።

«በእኛ ሥዕል» አልኩት፣ «ደጉ ፊት ለፊት ነው፤
ሁለት ዓይን ያለው።
ክፉው በጎን ያልፋል፣ አንድ ዓይኑን አሳይቶ፣
ሌላውን አሽሽቶ።»

ሣቀ። «እንግዲያ ውሾቹ ከሰይጣን ተደመሩ!
ሁሉም በጎን ናቸው፣ ሲበሩ።»

ቆጠርኩ። ስድስቱስ እውነት ነው፤ ሰባተኛው ግን፣ ዳር ያለው፣
አንድ ጆሮው የተቆረጠው፣
አንገቱን ወደ እኛ መልሷል፤ ሁለት ዓይን አለው፤
ስሙን የሰማ ይመስላል፣ መንጋው ጥሎት ቢሄድ የማይከፋው።

ድኩላዋም ሁለት ዓይን አላት፤ ጦር ሳይደርሳት ደምታለች፤
ከአዳኞቿ ይልቅ ሠዓሊዋን ታያለች።
ጌቶቹም ሁለት ሁለት፤ ምን ይደንቃል?
ሠዓሊ ቀለብ ከሚሰፍርለት ሰው ላይ ዓይን ይቀንሳል?

ከኋላ በእግሩ የሚሮጥ አንድ አሽከር አለ፤
ሰባት ባዶ ጠፍር በእጁ፣ የጌቶቹን ስንቅ ያዘለ።
ጋሻ የለው፣ ፈረስ የለው፤
ፊቱ በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ነው ያለው።

«ይኼስ ሌባ ነው?» አለኝ። «እንጃ» አልኩ።

ምናልባት ለመዞር ጊዜ አጣ፤ ምናልባት ቀለም አለቀ፤
ምናልባት ሠዓሊው ራሱን ሥሎ ግማሹን ከእኛ ደበቀ።

ከታች፣ ሁለት ጣት በሚያህል ነጭ ላይ፣ በቀይ ተጽፏል፤
«ፊታውራሪ ደምለው አደን ሲወጡ»፤ ፊደሉ ተወላግዷል።
ከዚያ የውሾቹ ስም፦ «ማን ቀደመህ»፣ «ጠርጥር»፣ «አይቶ አለፈ»፣
«ወሬ አይችል»፣ «አትሸኘኝ»፣ «ዳኛው»፤ ጆሮ ቆራጣው «ልቡ አረፈ»።
የአሽከሩ ስም የለም። ቦታ ነበረ፤ ነጩ አላለቀም፤
ግን አልተጻፈም።

«ጽሑፉን ቁረጠው» አለ ቡ ጃሲም፣ «ማን ያነበዋል?
ፍሬሙ ወርቃማ ይሁን፤ ለመጅሊስ ይስማማል።
ሐሙስ እመጣለሁ።»

ሄደ። ማስመሪያውን አነሣሁ።
ቢላውን ከቀዩ መስመር አስጠጋሁ፤ መለስኩ፤ ደግሞ አስጠጋሁ።
አልቆረጥኩም። ወደ ኋላ አጠፍኩት፣ ከካርቶኑ ሥር፤
እርሳስም አንሥቼ ነበር፣
በባዶው ቦታ ላይ ስም ልጽፍ፤ የማንን? የኔን?
ተውኩት፤ ሰው በማያውቀው ጥፋት አይፈርምም አይደለን?

ሐሙስ ስምንት ዲናር ተነጋግረን ስድስት ከፈለ።
«ውሾቹ አማሩ» አለ፣ ሥዕሉን ብብቱ ሥር አዝሎ እየቸኮለ።
ከመኪናው የኋላ ወንበር አንድ ሰሉቂው፣
አገጩን መስኮቱ ላይ ጥሎ፣ በሁለት ዓይኑ አየኝ ቀጭኑ፣ ቀዩ፣ ዝምተኛው።
እኔ የሱቁን በር በትከሻዬ ደግፌለት
በጎን ቆሜ ነበር።