ጥያቄ አራት

ጧት ከደሴ ስወርድ ጉም ተከናንቤ፣
ሚኒባሱ ኋላ ጥግ ላይ ተጣብቤ፣
ዶሮ መዝለያ ላይ ጆሮዬ ሲዘጋ፣
የአምናውን ማስታወሻ ከቦርሳ ፍለጋ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ያው አንዱ መንገድ፣
ማታ ለብርድ መውጣት፣ ጧት ለሙቀት መውረድ።

ኮምቦልቻ ገብቼ ስማቸውን ስጠራ፣
ውሃ አስተምራለሁ በጠመኔ አቧራ፦
«ቦዩ ቀጥ ነው እንበል፣ ግድግዳው ለስላሳ፣
ፍሰቱ ቋሚ ነው፣ ደለል አያነሣ።»
«እንበል» ነው ሥራዬ፣
«እንበል» ነው እንጀራዬ።

የሐርቡዋ ሉባባ ግን፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ በር ዳር፣
ጥያቄ አራት ላይ አንድ ቁጥር ሳታሰፍር፣
በእርሳስ፣ አድቅቃ፣ ከሥሩ ጻፈች፦
«መምህር፣ ቦርከና እንዲህ አይፈስም እኮ።
ያባቴን ማሽላ ሲወስድ ደጅ ቆሜ አይቻለሁ።
መጀመሪያ ዝም ይላል።»

ዜሮ ሰጠኋት በቀይ፣ ክቡን አሳምሬ፤
በዚያው ዓመት አደግሁ፣ ፕሮፌሰር፣ በቀመሬ።
ሰው እንኳን ደስ አለህ አለኝ፣ ሱፍ ለበስኩኝ፣
የማላውቀውን ሁሉ «ከኮርሱ ውጪ ነው» አልኩኝ።
እሷ ለከርሞ አልተመለሰችም።
የት ገባች አላልኩም፤
የሚታረም ነበረኝ።

ማታ፣ ጉም ጦሳን ሲውጥ፣ መብራት ሲጠፋ፣
የቆርቆሮው ዝናብ ከቅድሙ ሲከፋ፣
ሻማ ለኩሼ ያን ወረቀት አወጣለሁ።
ስንቱን ዝም ያለ ልጅ
«ገብቶታል» ብዬ አለፍኩት? እላለሁ።

ነገ ሁለት ሰዓት ቦርዱን ጠራርጌ፣
የሉባባን መስመር ርእሴ አድርጌ፣
ቁጭ ልበል እዚያው፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ በር ዳር።

መጀመሪያ ዝም ልበል።