መስኮት ቁጥር ሦስት

ከፈረንጅ አራዳ ወረድ ሲሉ ጥቂት፣
የውሃ ሒሳብ ነው ሥራዬ በመስኮት።
ፈረንጅ የለበትም፤ ስሙ ብቻ ቀርቷል፣
ለእኛ ግን በየቀን ከሊድስ ይመጣል።

የሚልከው ሙዘሚል፣ የሳቢት እህት ልጅ፣
እዚያ መጋዘን ውስጥ ሳጥን የሚያደራጅ።
ከሌሊት ፈረቃ ሲወጣ እያዛጋ፣
እዚያ ጨለማ ነው እኛ ጋ ሲነጋ።
ሳቢት ከማኅተሙ ስልኩን ያስደግፋል፣
ቢሮው ወንበር ስቦ ዙሪያውን ይሰፍራል።

«ዛሬም ባቡር ቀረ፤ ምክንያቱ ቅጠል ነው፣
ሐዲዱ ላይ ወድቆ ዝናብ ያረጠበው።»
ሳቅን። የጂማ ባቡር አልዘገየም ከቶ፤
ምክንያቱ ቀላል ነው፣ አያውቅማ መጥቶ።

«ዳክዬ ከነልጇ መንገድ ስትሻገር፣
ፖሊስ አስፋልት ዘጋ፤ ተሰለፈ አገር።»
ይህንን ስትሰማ ገንዘብ ያዥ ነጂባ፣
አቀርቅራ ሳቀች፣ ዓይኗ አቅርሮ እንባ።
«ሂርማታ ገበያ ያቺ ቡሬዋ ላም፣
ባጃጅ እየዞራት ተኝታ በሰላም፣
አንድ ጋዜጠኛ እንኳ ካሜራ ተሸክሞ፣
ሐሳቧን አልጠየቀም አጠገቧ ቆሞ!»

ባለፈው ሣምንት ደግሞ ቧንቧ ፈነዳ አሉ፣
ሳጥኖች ዋኙ አሉ፣ መጋዘን በሙሉ።
እኛ የውሃ ሰዎች ጆሯችን ቆመ፤
ጠጋኙ መጣ ወይ? ቧንቧውስ ታከመ?
አለቃቸው ግን አለ፦ «መጀመሪያ ሻይ ይፈላ፤
ስለ ጎርፉ ጉዳይ እናወራለን ኋላ።»
ሙዘሚልም ጠጣ፣ በወተት አቅጥኖ፣
ሊሙ ላይ አባቱ ቡና አምራች ሆኖ።
(ይህችን ለሽማግሌው እንዳትነግሩ አደራ።)

ቆሻሻም እዚያ አገር የየራሱ ቤት አለው፣
ካርቶን ሰማያዊ፣ ጠርሙስ አረንጓዴው።
አንድ ቀን ተሳስቶ ቀላቅሎ ቢጥለው፣
ጎረቤቱ በበር ሥር ደብዳቤ ላከለው፦
«ምናልባት ባይከፋዎት፣ ምናልባት ቢቻል፣
ጠርሙስና ካርቶን ተለይቶ ይጣል።»
አራት ዓመት ሆነው በግድግዳ ተዋስነው፣
ድመታቸው ሞሊ ናት፤ እሳቸውስ ማን ናቸው?
«ስማቸውን ጠይቅ» አለ ከዚህ ሳቢት።
«ድፍረት ነው» አለ እሱ፣ «ገና አራት ዓመት!»

አብሮት የሚኖረው ከአልጋው ላይ ይሠራል፣
ክራቫት ከፒጃማ አዳብሎ ያስራል።
አለቃችን ኩምሳ ይህን ሰምቶ ሞከረ፣
ክራቫቱን አስሮ ከቢሮ ቀረ።
ኔትወርክ ጠፋበት፤ መብራት ተከተለ፣
ጎረቤት «አሞት ነው» ብሎ ሙዝ ይዞ ከች አለ።
እስከ ስድስት ሰዓት ሦስት ሰው «ይማርህ» ብሎት፣
ከሰዓት ቢሮ ገባ፣ ራስ ምታት ይዞት።

«ሰው እዚህ ሲገናኝ በዝናብ ይጀምራል፤»
ጂማ ሰው ዝም ይላል፣ ቆርቆሮው ያወራል።

ሰልፍ ላይ ሙዘሚል የሰው እግር ረገጠ፣
የተረገጠው ሰው በሃፍረት ቀለጠ፤
«ይቅርታ» አለ እሱ! እግሩ እያበጠ።
ይህቺ ነገር ገባችኝ። አደረች ሆዴ ውስጥ።

ዛሬ አደ ሙሉካ፣ ጃንጥላው ተሰብሮ፣
መጡ፤ የሦስት ወር ሒሳብ በፌስታል ተቋጥሮ።
ሲስተም እንደ ልማዱ ሄዷል። እኔም ወግ ደርሶኝ፣
«ስላስጠበቅኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።»
ፈዝዘው አዩኝና በመስታወቱ ቀዳዳ፣
ወደ ሰልፉ ዞሩ፤ ድምፃቸው ሲሰማ እስከ ባጃጅ ሜዳ፦
«ኧረ ጉድ ነው ሰዎች! ቦርሳችሁን አደራ!
ይቅርታ ካመጡ ታሪፉ ነው 'ሚፈራ!»

ሳቢት ይህን ሁሉ በስልኩ ቀድቶ ላከ፤
ሙዘሚል አውቶቡስ ላይ ብቻውን ተንከተከ።
ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ፣
«ይቅርታ» አለው አሉ፣ ወንበሩን ለውጦ።