ልብስ ሰፊ

አጅማን ዳር ላይ፣ አሸዋው ገና ስም ሳይወጣለት፣
መንገዱ በቁጥር፣ ሰፈሩ በክሬን ሲጠራበት፣
ዚኖቪ ከሳራቶቭ መጣ፣ እናቱን አስከትሎ፣
የስፌት መኪና ራስ በክረምት ካፖርት ጠቅልሎ።

ካፖርቱ ከባድ ነው፣ የበግ ለምድ ነው ገበሩ፤
ጉምሩኮቹ ሳቁ አሉ፣ ገልብጠው ሲመረምሩ።
እናትዮዋ ፋይና ግን አልሳቀችም፤ «ይቀመጥ» አለች፤
«ብርድ መንገድ አያጣም»፤ ከትራሷ ሥር አኖረች።

ታፔላ ጸሐፊው ሙኒር፣ የፔሻዋሩ ሰው፣
በፊደል አሥር ድርሃም ነው፤ ቅናሽ አያውቀው።
ዚኖቪ ኪሱን ዳሰሰ፣ ስሙን ቆጠረ፣ ከፈለ፤
ከወገቡ በታች ያለው ስም ሜዳ ላይ ተጣለ።
«ዚኖ ልብስ ሰፊ» ተባለ።

እኔም እዚያው ደጅ ነበርኩ፣ ሥራ ፍለጋ ቆሜ፤
የእኔንማ ማን ጠየቀኝ፣ በስንት እንደሄደ ስሜ!
የሽመቤት ተብዬ ከወገራ ወጥቼ፣
ያስሚን ሆኜ ተገኘሁ፣ መታወቂያዬን አይቼ።

ከተማው ሰፋ። ዚኖቪም ሰፋ።
በእኔ ቋንቋ አንድ ቃል ነው፤ ማን ማንን እንደሰፋ
ለይቼ አላውቅም።
ለአዲሱ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ፣ በየክፍሉ ደረጃ፣
ለኬራላው ሙሽራ ሱሪ፣ ለጭልፊት የዓይን መጋረጃ።
እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፤
ሩሲያኛ በመርፌ ዓይን ገባኝ፤ «ኒትካ» ሲለኝ ክር አቀብላለሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ምሳዬን ይዤ ብመጣ፣
ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሊቆጣ
መስሎኝ ደነገጥኩ።
«ዛሬ መርፌ የለም» አለኝ፤ «ሻባት።»
«ሰንበት» አልኩት።
«ሻባት?»
«ሰንበት። ቀዳሚት ሰንበት።
በእኛም አገር አይወቀጥባት፣ አይፈጭባት።»
አፈጠጠብኝ፣ የሩቅ ዘመድ ሳያስበው እንደመጣበት።

አርብ ማታ ከሱቁ ጓሮ ወንዶች ይቆጠራሉ፤
አሥር መሙላት አለባቸው፤ ዘጠኝ ሆነው ይጠብቃሉ።
አሥረኛው የወደብ መሐንዲስ ነው፤ መርከብ ካልያዘው ይመጣል፤
አንዳንዴ ይመጣል።
ፋይና በመስኮት ታያለች፤ ዘጠኝ ሰው፣ አንድ ባዶ ወንበር፤
ወንበሩን አትቆጥረው ነገር።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ ራሷ ጠራችኝ፤
ካፖርቱን ጭኔ ላይ ጥላ መቀስ አስያዘችኝ።
«ፍቺው» አለች። ስፌቱን እየተከተልኩ ፈታሁ፤
ከገበሩ ውስጥ አንዲት የሱፍ ፍሬ አወጣሁ።
ቀመሰቻት፤ ተፋቻት። «ሻግታለች» አለች፣ ሳቀች፤
ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገርም፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበረች።
ከካፖርቱ ጀርባ ለመኪናው ልብስ ወጣ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይለብሳል፤
ውጭ አርባ ስምንት ዲግሪ፣ መኪናው የበግ ለምድ ደርቦ ያርፋል።

ያን ሰሞን ሙኒር ተጠራ፣ መሰላሉን አስደገፈ፤
ዚኖቪ የቀረ ፊደሉን ገዛ፣ ስሙን እስከ ጫፉ አስጻፈ።
«ያንቺስ?» አለኝ ዞር ብሎ።
ሙኒር የእኔን ፊደል አያውቅም፤ በጠመኔ ጻፍኩለት፣
በቁራጭ ጨርቅ ላይ፤ ላቡን እየጠረገ ገለበጠው በትዕግሥት።
አንዲት ሰረዝ ግን ረሳ፣ ከ«ሽ» አናት ላይ፤
ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ሳይ
«የስመቤት» ይላል።

«ላስተካክለው?» አለ ሙኒር፤ «ለሰረዝ አላስከፍልም።»
ደግሜ አነበብኩት፤ የስም ቤት።
ተወው አልኩት፤
ይሰፋል።